በጅማና አካባቢዋ ለሶላር ፓነል የሚስማማው ማቆሚያ የትኛው ነው? ቋሚ፣ በእጅ የሚዞር ወይስ ፀሐይን በሞተር የሚከተል

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ሶላር ለማስተከል የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፓነሉ ዋትና ስለ ባትሪው መጠን ነው፤ ፓነሉ የሚቆምበት ነገር ግን «ቆርቆሮው ላይ ይታሰራል» ተብሎ ይታለፋል። ፀሐይን እየተከተለ የሚዞር ማቆሚያ ምርቱን በ30 ወይም በ40 በመቶ ያሳድጋል የሚል ማስታወቂያ ያየ ገበሬ፣ ነጋዴ ወይም የተቋም ኃላፊ ግን ገንዘቡን በዚያ ላይ ማዋል ይገባው እንደሆነ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም የሚገኘው ሰማዩ አብዛኛውን ዓመት ጥርት ብሎ በሚውልበት አገር፣ ያውም በሁለት አቅጣጫ በሚዞር ማቆሚያ ነው። ጅማ ደግሞ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት። ስለዚህ ይህ መመሪያ አማራጮቹን የሚመዝነው በዓመት ስንት በመቶ ይጨምራሉ በሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ይበልጡን ኃይሉ የሚፈለገው በየትኛው ወርና በየትኛው ሰዓት ነው በሚለው ጥያቄ ነው።

ተከታይ ማቆሚያ ትርፉን የሚያገኘው ከየት ነው?

ፓነል የሚያመነጨው ኃይል ጨረሩ በሚያርፍበት ማዕዘን ይወሰናል። ጨረሩ ፓነሉን ፊት ለፊት ሲመታው ሙሉው ኃይል ይገኛል፤ 45 ዲግሪ ሲያዘነብል 71 በመቶ ያህሉ፣ 60 ዲግሪ ሲያዘነብል ግን ግማሹ ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ የፓነሉ መስታወት ራሱ ከብርሃኑ እያንጸባረቀ የሚመልሰው ይበዛል። ፀሐይ በሰማይ ላይ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ስለምትጓዝ፣ አግድም የተኛ ፓነል ከእኩለ ቀን ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎም ሆነ ዘግይቶ ከቀጥታ ብርሃኑ ሲሶ ገደማውን ያጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ በጅማ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። የኢትዮጵያ ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን፣ ጅማ የምትገኘው በ37 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በዚህም የተነሣ ፀሐይ በጅማ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ የምትደርሰው በአማካይ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቀኑና ሌሊቱ እኩል በሚሆኑባቸው በመስከረምና በመጋቢት ወራት የተኛ ፓነል የቀጥታ ብርሃኑን ግማሽ ብቻ የሚያገኝባቸው ሰዓታት እንግዲህ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩልና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ተኩል ናቸው። ተከታይ ማቆሚያ የሚሞላው ይህንኑ የጠዋትና የማምሻ ጉድለት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ የሚጨምረው እምብዛም የለም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ለቀጥታ ጨረር ነው። ሰማዩ ሲደፈን ብርሃኑ ተበትኖ ከመላው ሰማይ ስለሚመጣ፣ ፓነሉ የሚከተለው አቅጣጫ አይኖርም። እንዲያውም በደመና ቀን የበለጠ የሚያመርተው አግድም የተኛው ፓነል ነው፤ ሙሉውን ሰማይ ያያልና። 45 ዲግሪ ያዘነበለው ከሰማዩ የሚያየው 85 በመቶ ያህሉን ብቻ ስለሆነ፣ ደመናው ውስጥ ሆኖ የተደበቀችውን ፀሐይ መከተሉ ጥቅም የለውም፤ ይጎዳል።

የጅማ ፀሐይና የጅማ ደመና

ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ ቀጥታ አናት ላይ ትሆናለች። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ባሉት አምስት ወራት በስተሰሜን ታልፋለች፤ በቀሩት ሰባት ወራት ደግሞ በስተደቡብ። በሰኔ አጋማሽ ከአናት ወደ ሰሜን የምትርቀው 16 ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ግን ወደ ደቡብ 31 ዲግሪ ትርቃለች።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ ፀሐይ እዚህ ከሰሜን ወደ ደቡብ የምትለዋወጠው በጥቂቱ ሲሆን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የምትጓዘው ግን ሰማዩን ሰንጥቃ ስለሆነ፣ መከተል ካስፈለገ መከተል የሚገባው የምሥራቅና የምዕራቡን ጉዞ ነው። ሁለተኛው፣ የጣሪያ አቅጣጫ በጅማ የሚያስጨንቅ ጉዳይ አይደለም። በአውሮፓ የተጻፉ መመሪያዎች ፓነል ወደ ደቡብ 35 ዲግሪ እንዲያዘነብል አጥብቀው ቢያዝዙም፣ እዚህ ወደ ምሥራቅ 15 ዲግሪ ያዘነበለ የቆርቆሮ ጣሪያ እኩለ ቀን ላይ የሚያሳጣው 4 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ደመናውን በተመለከተ፣ የጅማ ዝናብ በክረምት ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከመጋቢት ጀምሮ ይጥላል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል፤ እስከ ጥቅምትም ሊዘልቅ ይችላል። በነዚህ ወራት ፓነሉ የሚያገኘው ብርሃን ብዙው የተበተነ ነው። የተከታይ ማቆሚያ ትርፍ ተጠራቅሞ የሚገኘው ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት የበጋ ወራት ሲሆን፣ ዓመቱ ሲደመር ግን አማካዩ ማስታወቂያው ከሚለው በእጅጉ ዝቅ ይላል። በግብፅ አስዋን አቅራቢያ በቤንባን በረሃ የተተከሉት ታላላቅ የሶላር ጣቢያዎች ባለ አንድ ዘንግ (ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ብቻ የሚዞር) ተከታይ ማቆሚያ በስፋት የተጠቀሙት ዝናብ የማያውቅ ሰማይ ስላላቸው ነው፤ የእነርሱን ትርፍ እንዳለ ወስዶ ለሰቃ ወይም ለዴዶ ማስላት ስሕተት ይሆናል።

ይህንን በግምት መተው አያስፈልግም። የአውሮፓ ኮሚሽን የጋራ ምርምር ማዕከል ያዘጋጀው ፒቪጂስ የተባለ ነፃ የኢንተርኔት ማስሊያ አፍሪካንም ይሸፍናል፤ ቦታውን በካርታ ላይ ጠቁሞ የቋሚ፣ ባለ አንድ ዘንግና ባለ ሁለት ዘንግ ማቆሚያን ምርት በየወሩ ለያይቶ ያሳያል። የዓለም ባንክ ግሎባል ሶላር አትላስም የቀጥታውንና የተበተነውን ብርሃን ለየብቻ ይሰጣል። ማንም ሻጭ የመቶኛ ቁጥር ሲጠራ፣ የራስን ቀበሌ በእነዚህ ላይ አይቶ ማመሳከር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከዓመታዊው ድምር ይልቅ ግን የየወሩን ሰንጠረዥ መመልከት ይበጃል።

ቋሚ ማቆሚያ

ቋሚ ማቆሚያ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። በጣሪያ ላይ ከሆነ በአሉሚኒየም ሐዲድ፣ በመሬት ላይ ከሆነ ከአንጎላሬ ወይም ከቱቦላሬ በተበየደ መቀመጫ ይሠራል፤ ፓነሉ በሚቆይባቸው 25 ገደማ ዓመታት ውስጥም ቀለሙን ከማደስና ቡሎኑን ከማጥበቅ ያለፈ አይጠይቅም። ለጅማ የሚስማማው ዝንባሌ ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በታች ቢሆን ምርቱ ብዙም አይቀንስም፤ ነገር ግን የዝናቡ ውኃ አቧራውን አጥቦ አይወርድም፤ በታችኛው ጠርዝ ላይም ጭቃ ይቀራል። በዚህ ዝንባሌ ፓነሉ እኩለ ቀን ላይ በታኅሣሥ 93 በመቶ፣ በሰኔ 90 በመቶ ያህል የቀጥታ ብርሃኑን ያገኛል። ቋሚው ማቆሚያ በምድር ወገብ አካባቢ ምን ያህል ጠንካራ ተወዳዳሪ እንደሆነ ይህ ብቻ ያሳያል።

በአንድ ጎን ማጠፊያ ገጥሞ ዝንባሌውን በዓመት ሁለት ጊዜ መቀየርም ይቻላል። በጥቅምት ወደ 25 ዲግሪ ከፍ አድርጎ በየካቲት መጨረሻ ወደ 10 ዲግሪ መመለስ በታኅሣሥና በጥር እኩለ ቀን ላይ 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ኃይሉ በበጋ ለሚፈለግ ሰው ይህ ለጥቂት ደቂቃ ድካም የሚገኝ ትርፍ ነው። በክረምት ወደ ሰሜን ማዞር ግን በወረቀት ላይ ትክክል ቢመስልም፣ በዚያ ወቅት ቀጥታ ብርሃኑ ራሱ ጥቂት ስለሆነ ልፋቱን አያካክስም።

በእጅ የሚዞር ማቆሚያ

ከሁሉም አማራጮች ይልቅ በአካባቢያችን ያለ ተገቢ ምክንያት የተዘነጋው ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። ፓነሎቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጋ አንድ የብረት ቧንቧ ላይ ይታሰራሉ፤ ቧንቧው በሁለት ጫፉ በኩሽኔታ ወይም በግራሶ በተቀባ ቀለበት ውስጥ ይዞራል፤ በአንድ በኩል ደግሞ ቀዳዳዎች ያሉት ላሜራና መቆለፊያ ቡሎን ይገጠምለታል። ማንኛውም የተሻለ ብየዳ ቤት ሊሠራው ይችላል።

የሚያስፈልጉት ሦስት ቦታዎች ብቻ ናቸው። ጠዋት ወደ ምሥራቅ 40 ዲግሪ፣ በእኩለ ቀን ዙሪያ አግድም፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ 40 ዲግሪ። በጅማ ሰዓት ሲሰላ የመጀመሪያው ቅያሪ 5 ሰዓት ከ10 ገደማ፣ ሁለተኛው 8 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ላይ ይውላል። በዚህ አሠራር ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ፀሐይና ፓነሉ የሚለያዩት ቢበዛ በ20 ዲግሪ ስለሆነ፣ ከቀጥታው ብርሃን የሚጠፋው በከፋው ደቂቃ እንኳ 6 በመቶ ብቻ ነው። ይህም ማለት ሞተርና ኤሌክትሮኒክስ ያለው ማቆሚያ በየደቂቃው ተንቀሳቅሶ የሚያገኘውን፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚነካው የብረት ዘንግ በአብዛኛው ያገኘዋል። ዘንጉን ራሱን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ደቡብ ማዘንበል ደግሞ በበጋ ወራት የሚገኘውን ይጨምራል።

ዋጋው የሚከፈለው በሰው ትጋት ነው። ማታ ወደ ምዕራብ እንደዞረ የተረሳ ፓነል በማግስቱ ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ድረስ ቀጥታ ብርሃን አይነካውም፤ ስለዚህ የቀኑ የመጨረሻ ሥራ ወደ ምሥራቅ መመለስ፣ ነፋስ ወይም ዝናብ የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ አግድም ማስተኛት መሆን አለበት። በመኖሪያ ቤት ሁሉም ወደየሥራው ሲበተን ይህንን የሚያደርግ ሰው ላይኖር ይችላል። የመስኖ ፓምፕ ያለበት ማሳ ግን ቦዩን ከመደብ ወደ መደብ የሚቀይር ሰው ቀኑን ሙሉ የሚውልበት ስለሆነ፣ ሥራው ከሥራ ጋር ይገጥማል።

በሞተር የሚዞር ባለ አንድ ዘንግ ማቆሚያ

አሠራሩ ከላይኛው ጋር አንድ ሆኖ፣ ዘንጉን የሚያዞረው ሞተር ነው። ሰማዩ ጥሩ በሆነበት አካባቢ ከቋሚው ከ15 እስከ 25 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ለጅማ ዓመታዊ ስሌት የታችኛውን ጫፍ መያዝ ይሻላል። በረድፍ የተተከሉ ብዙ ፓነሎችን በአንድ ሞተር ማንቀሳቀስ ስለሚቻል፣ ዋጋው ለትልቅ ጣቢያ ሲካፈል ይቀላል። በሩዋንዳ ሩዋማጋና፣ እንደ እኛው ደጋማና ዝናባማ በሆነ ምድር ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የተገነባው 8.5 ሜጋዋት ጣቢያ ፓነሎቹን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እያዞረ ይሠራል። ነገር ግን ያ ጣቢያ ከ28,000 በላይ ፓነል ያለው፣ ቋሚ ባለሙያና መለዋወጫ የማይለየው ነው፤ የስድስት ፓነል ባለቤት በዚያ ሊለካ አይችልም።

ይህንን የሚመርጥ ሰው ከሁሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው መቆጣጠሪያው ፀሐይን የሚያገኘው እንዴት እንደሆነ ነው። ርካሾቹ በብርሃን ጠቋሚ ይሠራሉ፤ ሁለት ዐይን የሚመስሉ ጠቋሚዎች የሚያዩትን ብርሃን አወዳድረው ሞተሩን ወደ ደማቁ ያዞሩታል። ደመና እየመጣ በሚሄድበት ሰማይ እነዚህ ወዲያና ወዲህ ሲንቀዋለሉ ይውላሉ፤ ሞተሩን ያለጥቅም ያስለፋሉ፤ እርጥበት ሲገባባቸው ደግሞ አቅጣጫ ይስታሉ። ለጅማ የሚሻለው ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቦታውን ኬክሮስ አውቆ የፀሐይን ቦታ የሚያሰላው ዓይነት ነው፤ ከተቻለም ሰማዩ ሲደፈን ፓነሉን አግድም የሚያስተኛ፣ ነፋስ ሲበረታም እንዲሁ የሚያደርግ መሆን አለበት። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቀጥ ብሎ የቆመን አንድ ባለ 550 ዋት ፓነል ከ50 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ክብደት ይገፋዋል፤ ስድስት ፓነል በአንድ ምሰሶ ላይ ሲሆን የመሠረቱ ጥልቀትና የሲሚንቶው መጠን ቀልድ አይደለም። በባህር ዛፍ ማገር ላይ በተመታ የቆርቆሮ ጣሪያ ተከታይ ማቆሚያ መትከልማ ፈጽሞ ሊታሰብ አይገባም።

ባለ ሁለት ዘንግ ማቆሚያ

ይህ ፀሐይን በምሥራቅና በምዕራብም፣ በሰሜንና በደቡብም ይከተላል። በማስታወቂያዎቹ ላይ የሚጠራው 30 እና 40 በመቶ የእርሱ ነው። በጅማ ኬክሮስ ግን ከባለ አንድ ዘንጉ የሚበልጠው በዓመት አማካይ ከ5 በመቶ ብዙም የማይርቅ ሲሆን፣ ሞተሩ፣ ማርሹና መቆጣጠሪያው እጥፍ ይሆናል። ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ጥሩ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው፤ ለምርት ግን በዚህ አካባቢ የምመክርበት ምክንያት አላገኘሁም።

ትክክለኛው ተወዳዳሪ ተጨማሪ ፓነል ነው

ብዙ ሰው ተከታይ ማቆሚያን ከቋሚ ማቆሚያ ጋር ያወዳድራል፤ ይህ ማወዳደሪያ የተጣመመ ነው። ገንዘቡ በእጅ ካለ ምርጫው በተከታይ ማቆሚያና በተጨማሪ ቋሚ ፓነል መካከል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አሥር ፓነል ያለው ሰው በተከታይ ማቆሚያ 20 በመቶ ቢያተርፍ፣ ያገኘው የሁለት ፓነል ምርት ነው። ስለዚህ ሞተሩ፣ መቆጣጠሪያው፣ ብረቱና መሠረቱ በቋሚው ላይ የሚጨምሩት ዋጋ ከሁለት ፓነልና ከማቆሚያቸው ዋጋ ካላነሰ አያዋጣም። የፓነል ዋጋ በዓለም ገበያ ከእ.ኤ.አ. 2010 ወዲህ ከ80 በመቶ በላይ ወርዷል፤ የብረት፣ የማርሽና የብየዳ ዋጋ ግን እንዲህ አልወረደም። ተከታይ ማቆሚያ ለትንሽ ተከላ ይመከር የነበረው ፓነል እጅግ ውድ በነበረበት ዘመን ነው፤ ያ ምክር እስካሁን መደገሙ ያሳስበኛል።

ከዋጋው በላይ ግን ለጅማ ወሳኝ የሆነው ሌላ ነው። ሁለቱ ተጨማሪ ፓነሎች በሐምሌ ጨለማ ቀንም 20 በመቶ ይጨምራሉ፤ ተከታዩ ማቆሚያ በዚያ ቀን የሚጨምረው የለም። ባትሪ ያለው ቤት ወይም ጤና ኬላ የሚቸገረው በጥር ብሩህ ቀን አይደለም፤ በጥር ባትሪው ከቀትር በፊት ሊሞላና ትርፉ ሊባክን ይችላል። የሚቸገረው ሦስት ቀን ተከታትሎ ሲደፍን ነው። ተከታይ ማቆሚያ ኃይል በተረፈ ጊዜ እየጨመረ፣ በጎደለ ጊዜ የማይደርስ ከሆነ፣ የዓመቱ አማካይ ምንም ያህል ቢያምር ለቤቱ መብራት አይሆንም።

ከፓነልም በፊት የባትሪውን ቻርጅ መቆጣጠሪያ መፈተሽ ያስፈልጋል። ኤምፒፒቲ የሚባለው የቻርጅ መቆጣጠሪያ ፓነሉን አያንቀሳቅስም፤ ፓነሉ ከፍተኛ ኃይል የሚሰጥበትን ቮልት እየፈለገ ለባትሪው የሚስማማ አድርጎ ይቀይረዋል። በ30 ቮልት አካባቢ የሚሠራ የዛሬ ትልቅ ፓነል ቮልቱን በማይቀይረው ርካሹ ፒደብልዩኤም መቆጣጠሪያ በኩል ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ቢገናኝ ከኃይሉ ከግማሽ በላይ ያጣል። የትኛውም ተከታይ ማቆሚያ ይህንን ጉድለት አይሞላም። እንዲሁም በበጋ ከጥርጊያ መንገድ ዳር ያለ ፓነል አቧራው ሳይታጠብ ወራት ከቆየ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ባልዲ ውኃና ጨርቅ ነው።

ለማን የትኛው?

በከተማው ውስጥ መብራት ሲጠፋ መጠባበቂያ ለሚፈልግ ቤት፣ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ቋሚ ማቆሚያ ያለ ጥርጥር ይመረጣል። የጅማ ግቢዎች አቮካዶና ማንጎ የበዛባቸው፣ ቤቶቹም የተጠጋጉ ናቸው። ተከታይ ማቆሚያ ትርፉን የሚያገኘው ፀሐይ ዝቅ ባለችባቸው ሰዓታት ሲሆን፣ ዛፍና ግድግዳ የሚጋርዱትም በእነዚያው ሰዓታት ነው። ከፓነሉ 17 ሜትር ርቆ የቆመ፣ ከፓነሉ 10 ሜትር የሚበልጥ ዛፍ ፀሐይን እስከ 30 ዲግሪ ይጋርዳል፤ ይህም የቀኑ የመጀመሪያ ሁለት ሰዓታት ጠፉ ማለት ነው። የግቢው ምሥራቅና ምዕራብ እንዲህ ከሆነ የሚከተሉት ነገር የለም። ጣሪያው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚወርድ ከሆነ ፓነሎቹን በሁለቱ ክዳኖች ላይ እኩል መክፈል ያለ ምንም ሞተር ምርቱን በቀኑ ላይ ዘርግቶ ያስተካክለዋል።

ከዋናው መስመር ርቀው ለሚገኙ ጤና ኬላዎችና ትምህርት ቤቶችም ቋሚው ይሻላል፤ ምክንያቱ ደግሞ ጥገና ነው። የክትባት ማቀዝቀዣ ሲቆም የሚመጣው ጉዳት ከ20 በመቶ ትርፍ ጋር አይመዘንም፤ የሚንቀሳቀስ አካል ሁሉ አንድ ቀን ይቆማል፤ ከሊሙ ኮሳ ወይም ከጌራ ገጠር ጅማ ድረስ መለዋወጫ ፍለጋ መምጣት ቀናት ይወስዳል።

የመስኖ ፓምፕ ግን ጉዳዩ ይለያል፤ ሚዛኑ ወደ መከተል የሚያደላውም እዚህ ነው። የሚፈለገው በበጋ ነው፤ የቡና ችግኝ ጣቢያም ሆነ የሽንኩርት፣ የጎመንና የቲማቲም ማሳ ውኃ የሚጠማው ቀጥታ ፀሐይ በበዛበት ወቅት ነው። ባትሪ አያስፈልግም፤ ውኃው በሮቶ ወይም በኩሬ ይጠራቀማል። ከዚህም በላይ ፓምፕ ከተወሰነ ኃይል በታች ውኃ አያወጣም፤ ከጥልቅ ጉድጓድ ለመሳብ ወይም ዳገት ለማውጣት በቂ ግፊት እስኪያገኝ ያለ ፍሬ ይሽከረከራል ወይም ጨርሶ አይነሣም። ቋሚ ፓነል ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የብርሃኑን ግማሽ ገደማ ይዞ ፓምፑን ማስነሣት ሲያቅተው፣ ወደ ምሥራቅ የዞረው ቀድሞ ያስነሣዋል፤ ማምሻውንም ዘግይቶ እንዲቆም ያደርገዋል። ስለዚህ በፓምፕ ላይ የውኃው ጭማሪ ከኃይሉ ጭማሪ ሊበልጥ ይችላል። ሰው የሚውልበት ማሳ ከሆነ በእጅ የሚዞረውን፣ ማሳው ሰፊ ሆኖ ፓነሉ ከሃያና ከሠላሳ በላይ ከሆነና የሚጠግነው ባለሙያ በቅርብ ካለ በሞተር የሚዞር ባለ አንድ ዘንጉን እመክራለሁ። ፓምፑ ለፓነሉ መጠን አንሶ በእኩለ ቀን ኃይል የሚተርፈው ከሆነ ደግሞ፣ ተጨማሪ ፓነል መግዛት የእኩለ ቀኑን ትርፍ ብቻ ስለሚያበዛ መከተሉ ይበልጥ ያዋጣል።

የእሸት ቡና መፈልፈያን በሶላር ለማንቀሳቀስ የሚያስብ ሰው የሥራ ሰዓቱን አስቀድሞ ያስተውል። ለቀማው ቀን ሲሆን እሸቱ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ነው፤ ሳያድር መፈልፈል አለበት። እዚህ የጠዋቱ ትርፍ ባትሪ ከሌለ ለመፈልፈያው አይጠቅምም፤ የሚያስፈልገው የ9፣ የ10 እና የ11 ሰዓት ኃይል ነው። ለዚህ ተከታይ ማቆሚያ ከመግዛት ይልቅ ቋሚ ፓነሎቹን 30 ዲግሪ ወደ ምዕራብ አዘንብሎ መትከል በቂ ነው፤ ፀሐይ ወደ ምዕራብ 60 ዲግሪ ባዘነበለች ጊዜ አግድም የተኛው 50 በመቶ ሲያገኝ ይህ 87 በመቶ ያገኛል። ከጨለመ በኋላ ለሚቀረው ሥራ ግን ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ግድ ነው፤ በዚህ ረገድ ማቆሚያው የሚለውጠው ነገር የለም።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት

ተከታይ ማቆሚያ ለመግዛት የወሰነ ሰው ሻጩን ሞተሩና መቆጣጠሪያው ቢበላሹ ተተኪው ከየት እንደሚመጣና በስንት ጊዜ እንደሚደርስ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥለት ይጠይቅ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዋጋው ዛሬና ነገ አንድ ላይሆን ይችላል። ሞተሩ ቢቆም ፓነሉን በእጅ አግድም አስተኝቶ መቆለፍ የሚቻልበት መንገድ መኖሩን በዓይን ማየት ያስፈልጋል፤ ይህ ከሌለ ብልሽቱ ወደ ምዕራብ ዞሮ ባለበት ቢደርስ ከቋሚ ፓነልም ያነሰ ምርት ይዞ ይቀራል። በዘንጉ ዙሪያ የሚተጣጠፉት ሽቦዎች ለፀሐይና ለመጠማዘዝ የሚችሉ፣ በቂ ርዝመትም የተተወላቸው መሆን አለባቸው፤ በየቀኑ የሚታጠፍ ተራ የቤት ሽቦ ልባሱ ይሰነጠቃል።

ዘንጉን በትክክል ወደ ሰሜንና ደቡብ ለማስያዝ የስልክ ኮምፓስ ብረት አጠገብ ስለሚሳሳት በጥላ መለካት ይሻላል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቀጥ ያለ እንጨት በሜዳ ላይ ተክሎ፣ ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ ምልክት ማድረግ ነው፤ ከሁሉ አጭሩ ጥላ ያረፈበት መስመር ሰሜንን ያሳያል፤ የምሰሶዎቹ ጉድጓድም በዚያ መስመር ይቆፈራል።